የመንገዱን ርቀት ያሰበ ጌታ

ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ በ8ኛው ምዕራፍ ስለ አራቱ ሺህ ሰዎች ሲተርክ፣ ሳናስተውል የምናልፈው አንድ ነገር አለ። እኛ እንደ ልማዳችን ወደ ሰባቱ እንጀራ እንቸኵላለን። ጌታችን ግን ከተአምሩ በፊት ሁለት ነገር ያስባል፤ ሕዝቡ ሳይበላ የቈየበትን ሦስት ቀንና ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መንገድ። በባዶ ሆድ ቢሰናበቱ በጕዞ ላይ እንደሚዝሉ፣ ከእነርሱም መካከል ከሩቅ የመጡ እንዳሉ የተናገረ እርሱ ራሱ ነው። ደቀ መዛሙርቱ እንጀራ ከየት ይገኛል ብለው ይጠይቃሉ፤ ስለ መንገዱ ግን ከእነርሱ አንድም ቃል አንሰማም።

ወንጌላዊው የጌታን ርኅራኄ የገለጸበት የግሪክ ቃል የሆድ ዕቃን ከሚያመለክት ስም የወጣ ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንም፤ እኛም «አንጀቴን በላው» እንላለንና። ሆድ ደግሞ ረኃብ የሚሰማበት ቦታ ነው። ቃል ሥጋ ሲሆን ይህንም ለበሰ፤ በምድረ በዳ 40 ቀን ጾሞ ተራበ፤ በሲካር ጕድጓድ አጠገብ መንገድ አድክሞት ተቀመጠ፤ ውኃም ለመነ። ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው መሆኑን እንመሰክራለን። (ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1973 ይህንኑ እምነት በጋራ መግለጫ አጽንተዋል።) ነገር ግን ፍጹም ሰውነቱ የደከሙ እግሮችን እንደሚጨምር እንዘነጋለን።

የላስታ አባቶች በላሊበላ ከአለት ከተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት አንዱን ጎልጎታ ብለው ሰይመውታል። የጌታ ሕማም በዚያ አገር የታየው ግን በአለት ብቻ አይደለም፤ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ የወሎ ደገኛ እህል ፍለጋ ወደ ቆሬም ሲፈልስ በመንገድ የወደቀው ብዙ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. በኤል ኒኞ ድርቅ ምክንያት በመላ አገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የምግብ ርዳታ ባስፈለጋቸው ጊዜ፣ እኛም በኩልመስክ አካባቢ እህል ከሚያድሉት ጋር ነበርን። ድርሻው ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነበር። አንዲት እናት የአራት ሰው ድርሻ፣ 60 ኪሎ ስንዴ ተቀበሉ፤ ጥቂት ቈይቶ ከስንዴው ከፍለው ሲሸጡ አገኘናቸው። ተቈጣን።

«እናቴ፣ ለልጆች የተሰጠ እህል ይሸጣል?»

«ለአህያ ኪራይ ነው፣ አባቴ። ቤቴ ከገደሉ ማዶ ነው፤ በጀርባዬ ዳገቱን አልወጣውም። ይህን ካልሸጥሁ ሁሉም እዚሁ ይቀራል» አሉን።

ኪሎውን በትክክል መዝነን ነበር። በመዝገባችን ስምም፣ የቤተሰብ ቍጥርም፣ የጣት አሻራም ነበረ፤ የቤት ርቀት የሚጻፍበት ዐምድ ግን አልነበረም። ታዲያ ፍትሕ አጕድለን ነበርን? በሚዛኑ ከሆነ ማንንም አልበደልንም። ነገር ግን ቅርብ ያለው 60 ኪሎውን ይዞ ሲገባ፣ ሩቅ ያሉት እናት ከልጆቻቸው ድርሻ ለመንገዱ ከፈሉ። ኀዘኔታ አልጐደለንም፤ አንጀታችን በእውነት ተንሰፍስፎ ነበር። የጐደለን፣ የምናዝንላቸው ሰው ከእኛ ተለይተው ወዴት እንደሚሄዱ ማወቅ ነው።

«የእያንዳንዱን ሰው መንገድ ስንጠይቅ ወረፋው መቼ ያልቃል? ደንብ ከሌለስ አድልዎ አይገባምን?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ጌታችንም ሥርዐትን አልናቀም፤ አምስቱን ሺህ ሲመግብ ሕዝቡ በመቶና በአምሳ ተከፍሎ ተቀምጧል። ሆኖም ለእርሱ ሰልፉ የእንጀራው አገልጋይ ነበር። እኛ ግን ሰልፉ ካማረልን ሥራው የተፈጸመ ይመስለናል። ይህም በእህል ዕደላ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ የሰንበት ትምህርት አርፍዶ የመጣውን ልጅ ስንገሥጽ ከየት እንደ ተነሣ ስንቶቻችን እንጠይቃለን?

እኒያ እናት የተረፈውን ስንዴ አስጭነው ሲነሡ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ እርሳቸውም መረቁን። ቤታቸው ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬዳቸው ግን ያን ጊዜም አልጠየቅናቸውም።