«በደንብ አየሁህ»



ወፎችን ለማየት ወደ ብራዚል የሚሄድ እንግዳ ሁሉ ገና በመጀመሪያው ቀን የሚያያት አንዲት ወፍ አለች። እኛም በዚያ አገር ሳለን በየዕለቱ አየናት። ሆዷ ደማቅ ቢጫ፣ ራሷ በጥቁርና በነጭ የተሸነተረ፣ ቁመቷም 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዝንብና ሌሎች ነፍሳትን እያደኑ ከሚበሉ ወፎች ወገን ብትሆንም፣ ፍሬ ትለቅማለች፤ ከውኃ ዳርም ትንንሽ ዓሣ ትይዛለች። ከቴክሳስ ደቡብ እስከ አርጀንቲና ድረስ፣ በከተማው የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ሳይቀር ስለምትገኝ፣ ብርቅ ወፍ የሚፈልግ ሰው መነጽሩን ፈጥኖ ከእርሷ ያነሣል።

የአገሩ ሰዎች ስሟን ከጩኸቷ ወስደው «ቤም ቴ ቪ» ይሏታል። ይኸውም በፖርቱጋል ቋንቋ «በደንብ አየሁህ» ማለት ነው። ወፏ የምትጮኸው እንደ ተፈጥሮዋ ነው፤ ትርጉሙን የሰጣት የሰው ጆሮ ነው። ሆኖም ጆሮ ከቃላት ሁሉ ይህን መርጦ መስማቱ፣ ሰው ምን ያህል መታየትን እንደሚናፍቅ ያስረዳናል።

ይህን ናፍቆት በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16 እናገኘዋለን። አብራምና ሦራ ስለ አጋር ሲነጋገሩ «አገልጋይ» ይሏታል እንጂ ስሟን አያነሡም። ከመከራዋ ሸሽታ በምድረ በዳ ምንጭ አጠገብ ሳለች ግን የእግዚአብሔር መልአክ በስሟ ጠራት፤ ከወዴት እንደ መጣችና ወዴት እንደምትሄድም ጠየቃት። ያቺ ግብፃዊት አገልጋይ ያን ጊዜ አምላክን «የሚያየኝ» ብላ ሰየመችው። የእግዚአብሔር ማየት ጥፋትን ለመቍጠር የሚደረግ ክትትል ሳይሆን፣ የተረሳውን በስሙ የሚጠራ ፍቅር ነውና።

በየቁምስናችንም ዘወትር ስለምናያቸው የማናስተውላቸው አሉ። ከበሩ አጠገብ አስቀድሰው ማንም ሳያናግራቸው የሚሄዱ አረጋዊት፣ ከሩቅ አገር ሥራ ፍለጋ የመጣ ወጣት፣ በትምህርት ሰዓት እጁን የማያነሣ ሕፃን እነዚህን ይመስላሉ። እናንተ መምህራን ሆይ፣ ጥያቄ የሚመልሰውን ብቻ ሳይሆን ዝም የሚለውንም በስሙ ጥሩት። እኛም ሁላችን በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዱን ቀርበን መልአኩ የጠየቀውን እንጠይቅ፤ ከወዴት መጣህ? ወዴትስ ትሄዳለህ? መልሱንም እስኪጨርስ ታግሠን እንስማ።

የሚያየን አምላክ ወንድሞቻችንን የምናይበትን ዓይን ይስጠን። አሜን።