ስለ ታናናሾች ወንድሞቻችን

አንባቢ ሆይ፤ በአትላስ ሰፈር ጧት ከቤትህ ስትወጣ በሩን የሚከፍትልህ ዘበኛ ማን ነው? ደመወዙን በየወሩ ትቈጥርለታለህ፤ ነገር ግን የክርስቶስን ስም ከአፍህ ሰምቶ ያውቃልን? በማድ ቤት እንጀራ የምትጋግርልህ ልጅ፥ በመንገድ ዳር ጫማህን የሚጠርገው ሊስትሮ፥ በሚሠራው ፎቅ ላይ ሲሚንቶ የሚሸከመው የቀን ሠራተኛ፥ እነዚህ ከእኛ የሚሹት ሳንቲም ብቻ ነው ብለህ አስበህ ይሆናል። ምጽዋት መልካም ነው። ዳሩ ግን ሳንቲም ቆመው ይጥሉታል፤ የወንጌልን ቃል ግን አጠገቡ ሳይቀመጡ ለሰው መንገር አይቻልም። የምንሸሸውም ይህንኑ መቀመጥ ነው።

በኢሉባቦር ሒካ የሚባል ሕፃን ነበረ። አባቱ ሞተበት፤ ባሪያ ፈንጋዮችም ከእናቱ ነጠቁት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ እስከ ምጽዋ ወረደ። በዚያም በፈረንጆች ቍጥር በ1870 ዓ.ም. ነጻ ወጥቶ ለስዊድን ሚሲዮናውያን ተሰጠ። በ1872 ዓ.ም. ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ፤ ይኸውም ጌታው ፊልሞና ወንድም አድርጎ ይቀበለው ዘንድ ሐዋርያው ጳውሎስ የለመነለት የዚያ ባሪያ ስም ነው። አዲስ ኪዳንን በኦሮምኛ ተርጕሞ በ1893 ዓ.ም. በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ታተመለት፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ዓ.ም. በስዊስ አገር ታተመ። (ሒካ በኦሮምኛ ፈቺ፥ ተርጓሚ እንደ ማለት ነው፤ እናቱ ቤት የወጣለት ስም ነበር።) በልጅነቱ ከአገሩ ስለ ተለየ የጐደለውን ቃል የሞላችለት አስቴር ጋኖ ናት፤ እርስዋም እንደ እርሱ ከባርነት የወጣች ነበረች። በ1904 ዓ.ም. ኦኔሲሞስ ወደ ነቀምቴ ገብቶ በ1931 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ሲያስተምር ኖረ። እነዚህን ሁለቱን በገበያ ያየ ሰው ዋጋቸውን ይጠይቅ ነበር እንጂ፥ እግዚአብሔር ቃሉን ለብዙ ሕዝብ በእነርሱ እጅ ያደርስ ዘንድ መውደዱን እንዴት ይገምት ነበር?

እንግዲህ «እኔ ቄስ አይደለሁም» አትበል፤ አስቴርም ቄስ አልነበረችም። ነገር ግን አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እንጀራው በእጅህ ያለ ሰው ስትሰብከው ከፍርሃት የተነሣ እሺ ይልሃል፤ እንዲህ ያለው እሺታ እምነት አይደለም። ስለዚህ አስቀድመህ ደመወዙን በቀኑ ክፈለው፤ እንቢ ቢልህም ፊትህን አታጥቍርበት። የቤት ሠራተኛህ በእሑድ ጧት ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትወድ ስለ ቍርስህ ብለህ አትከልክላት። ማንበብ ካልቻለች በማታ ግማሽ ሰዓት ፊደል አስቈጥራት። ከገጠር የመጣች እንደ ሆነች አያትዋ እንዴት ይጸልዩ እንደ ነበር ጠይቃት፥ እስክትጨርስም ድረስ ዝም ብለህ ስማት፤ ምናልባት በዚያ ማታ ተማሪው አንተ ትሆናለህ።