ቃል ነገሩን ያስተምራልን?

ሕፃን «ካው» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሲማር ላምን አይማርም፤ ላሟን ያውቃታል፣ የሚጨመርለት ሌላ ስም ነው። «ስኖው» ሲባል ግን አመዳይ አይቶ ካላወቀ የሚተርፈው ድምፅ ብቻ ነው።

የሰሜን አፍሪካው ሊቅ አውግስጢኖስ በ389 እ.ኤ.አ. ገደማ በጻፈው «ስለ መምህር» በተባለው መጽሐፉ ይህንኑ ጥያቄ ከልጁ ከአዴዎዳቱስ ጋር ይመረምራል። ምሳሌውን ከትንቢተ ዳንኤል ወስዷል፤ ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶኑ ሲወጡ እሳት ካልነካው ልብሳቸው አንዱን የሚጠራ እንግዳ ቃል ነው። ትርጉሙ የራስ መሸፈኛ ነው ቢባል፣ ራስንና መሸፈኛን ቀድሞ ላላወቀ ሰው ምንም አይፈይድለትም። ስለዚህ ቃል ልብን ወደ ነገሩ ያነቃል እንጂ ዕውቀትን አይሰጥም፤ እውነተኛው መምህር በውስጥ የሚያድረው ክርስቶስ ነው ይላል።

በሱዳን ገዳሪፍ፣ በኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ባለችው በባሱንዳ፣ ዐረብኛና አማርኛ ጎን ለጎን በሚሰሙበት አገር፣ ጥያቄው ሁለት ሃይማኖቶችን ይነካል። በኦሪት ዘፍጥረት እንስሳቱ አዳም ፊት ይቀርባሉ፣ ስም የሚያወጣላቸውም እሱ ነው። በቁርኣን፣ በሱረቱል በቀራ፣ ስሞችን ሁሉ ለአደም ያስተማረው አላህ ነው። የስም ምንጭ ማን እንደሆነ ሁለቱ ይለያያሉ፤ በሁለቱም ግን የሚሰየመው ነገር ፊት ለፊት ቀርቧል።

እዚህ ላይ ብርቱ መቃወሚያ አለ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ዳዊትን በግዕዝ የሚደግመው ምሥጢሩን ሳያውቅ ነው፤ የኸልዋ (የቁርኣን ትምህርት ቤት) ልጅም የቁርኣኑን አንቀጽ ከእንጨት ሰሌዳው ላይ በቃሉ ይይዛል። ድምፅ ቀድሞ ትርጉም ቢዘገይ ምን ነውር አለው? በጸሎት ነውር የለውም፤ ሕፃኑ ያልገባውን፣ አምላክ ያውቀዋልና። የዕለት ተዕለት ቃል ግን ለሰው የሚነገር ነው። ተናጋሪው ያልገባውን ሰሚው ሊሞላለት አይችልም።

ጥያቄው ወደ ትምህርት ቤትም ይገባል። ከድንበሩ ማዶ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። በዚህ ዕድሜ ወሳኙ የቃላቱ ብዛት ሳይሆን የቃላቱ ምርጫ ነው። ማሽላና ሰሊጥ ለሚዘራበት ቆላ ልጅ ዝናብ፣ ውሃ፣ ፍየል፣ ግመል፣ እናት፣ እጅ ይቅደሙለት፤ እነዚህን በሦስተኛ ቋንቋ ቢጠራቸውም የሚናገረው ስለሚያውቀው ነው። አመዳይም በተራው ይመጣል፤ ነጭነትን፣ ቅዝቃዜንና ከሰማይ መውረድን በእንግሊዝኛ መጥራት ከቻለ በኋላ፣ ያላየውን ካያቸው ነገሮች ገጣጥሞ ይረዳዋል።