ሁለተኛው ሄልሜት

ልጄ፣ ሞተር መግዛትህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ምክሬን የቅናት ወይም የእርጅና እንዳታደርገው ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። ከእስቴ መካነ ኢየሱስ ወገዳ፣ ከነፋስ መውጫ አርብ ገበያ መኪና ሲጠብቅ ቀን የሚመሽበት ሰው ብዙ ነው። ምጥ የያዛት ሴት፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ የረፈደበት ገበሬ፣ ለፈተና የሚቸኩል ተማሪ የሚደርሱት በእናንተ በሞተረኞች ነው። ደስ ያላለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ሄልሜት ማድረግና አለማድረግ የግል ምርጫዬ ነው፤ ጭንቅላቱ የኔ" ብለሃል አሉ።

እሺ፣ ምርጫ ይሁን። ግን በእውነት መርጠሃል ወይ? የመረጠ ሰው ትራፊክ ሲያይ ሐሳቡን አይለውጥም። አንተ ሄልሜቱን መሪው ላይ አንጠልጥለህ ትከንፋለህ፤ ደብረ ታቦር ልትገባ ስትል ትራፊኩን ከሩቅ ታይና በአንድ እጅህ መሪውን ይዘህ በሌላው ጭንቅላትህ ላይ ትደፋዋለህ፤ እሱን ካለፍክ ተመልሶ መሪው ላይ ነው። ሕጉማ አለ፤ ሞተረኛ ሄልሜት እንዲያደርግ የትራፊክ ደንቡ ያዛል። እኔ ግን ስለ ሕግ ልመክርህ አልተነሳሁም። ትራፊኩ ቢይዝህ የሚወስድብህ ብር ነው። ከአርብ ገበያ ወዲያ ባለው ጠጠር መንገድ ላይ፣ ትራፊክ በሌለበት ብትወድቅስ? የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው፤ ሄልሜት ይዞ ባዶ ራስ መውደቅ።

ምክንያታችሁን ሁሉ ሰምቻለሁ። ወደ ቆላው ስትወርዱ "ይሞቃል"፣ ወደ ጉና ስትወጡ "ጋቢ ይበቃል"። ጋቢ ብርድ ይመልሳል፣ ድንጋይ ግን አይመልስም። ጫፉ ተፈቶ ሰንሰለቱ ውስጥ የገባ ቀንማ ጋቢው ራሱ ነው አንቆ የሚጥልህ። "ጸጉሬን ያበላሽብኛል" ያለኝ ጎረምሳም አለ፤ ራስ ሳይጠና ጉተና የተባለው ለእሱ ሳይሆን አይቀርም። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን "ቀኔ ከደረሰ ሄልሜት አያድነኝም" የሚለው ነው፤ እምነት ስለሚመስል። ቀኑን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው፣ እውነት ነው። ታዲያ በነሐሴ በሽሎ ሲሞላ ለምን አትሻገርም? ማታስ በርህን ለምን ትዘጋለህ? ፈጣሪን ማመን ሌላ፣ መፈታተን ሌላ።

ደግሞ ፍጥነቱ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ ስታየው ትንሽ ቁጥር ነው። በዚያ ፍጥነት ከድንጋይ ጋር መጋጨት ግን ከ10 ሜትር ገደማ ገደል ወድቆ መሬት እንደመምታት ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይላሉ አባቶቻችን። የበሬው ገደል እንኳ ቢመለከት ይታየው ነበር፤ የሞተረኛው ገደል ሜዳ ላይ ነው የሚጠብቀው።

ሄልሜቱን ገልብጠህ ውስጡን እየው። ሥራውን የሚሠራው የሚያብረቀርቀው ቅርፊት ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ደረቅ ነጭ ፎምም ጭምር ነው። ሲመታ እሱ እየተጨፈለቀ የምቱን ጉልበት ይቀበልልሃል፤ አንጎልህ በአንድ ቅጽበት ከራስ ቅሉ ጋር ከመላተም ይተርፋል። ስለዚህ አንዴ ክፉኛ የተመታ ሄልሜት ውጪው ቢያምርም ውስጡ አልቋል፤ በርካሽ ቢሰጡህም አትግዛው። የግንባታ ሠራተኛ ቢጫ ቆብ አድርገው የሚነዱም አይቻለሁ። እሱ ከላይ ለሚወድቅ ነገር የተሠራ ነው፤ አንተ ስትወድቅ ካንተ ቀድሞ ይበራል። የአገጩ ማሰሪያ ያልታሰረ ሄልሜትም ከዚያ አይሻልም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ።

የብዙ አገር ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሥራ፣ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ደምድሟል። መቶ በመቶ አላልኩህም። ነገሩ ድሮም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ሎውረንስ የተባለ ስመ ጥር እንግሊዛዊ፣ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ለማዳን ሞተሩን ሲያጥፍ ወደቀ፤ ራሱን ሳያውቅ ስድስት ቀን ቆይቶ ሞተ። ካዩት ሐኪሞች አንዱ፣ ሂዩ ኬርንስ የሚባል የአንጎል ሐኪም፣ በጦር ሠራዊቱ ሞተረኞች ላይ የሚደርሰውን የጭንቅላት ጉዳት ማጥናት ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ጽሑፉን ሲያወጣ የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ አስገደደ። የኛ መንገድ ላይ ደግሞ በብስክሌት ልጅ ፋንታ በግ የሚነዳ ልጅ አለ።

ጭንቅላትን ማቃለል ለጋይንት ሰው አያምርበትም። ቤተልሔም ድጓ፣ ዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት አገር ነው። ስንቱ የቆሎ ተማሪ ቁራሽ እየለመነ፣ ዓመት ቆጥሮ፣ ያን ሁሉ ዜማ ጭንቅላቱ ውስጥ አኑሮ ወጥቷል! ያንተም ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለራስህ ጭንቅላት የፈለግኸውን ብትል፣ ስለ ምርጫ ከሆነ ክርክራችን፣ ከኋላህ የተቀመጠችው ሴት መቼ መረጠች? ልጇን አዝላ ወደ ጎን ተቀምጣለች፤ ያለህ ሄልሜት አንድ ነው፤ እሱም መሪው ላይ ነው። አንተ መንገዱን ታያለህ፤ ጉድጓዱን ከመድረስህ በፊት አውቀኸው እጅህን ታጠነክራለህ። እሷ የምታየው ጀርባህን ነው። ስትወድቁ አንተ የምትይዘው መሪ አለህ፤ እሷ የምትይዘው ልጇን ነው። ይህን ሁሉ አስማምተህ ነው ወይ ያሳፈርካት? ሂሳቡን ነው የተነጋገራችሁት። አንዳንዱማ እሷ ላይ ሌላ ሰው ደርቦ ሦስት ሆኖ ይሄዳል፤ በዚህ ላይ ምክር የለኝም፤ ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።

"ጭንቅላቱ የኔ" ያልከውም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ብትወድቅ ሐኪም ቤት አልጋህ ሥር የምትተኛው እናትህ ናት፤ በሬውን የሚሸጠው አባትህ ነው። አባትህ በአንድ በሬ እንዴት ሊያርስ ነው?

እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን ብትወድቁ፣ ይህን ያዝልኝ። ጭንቅላቱን ተመቶ የተነሳ ሰው "ደህና ነኝ" ቢልህ አትመነው። ደም ውስጥ ለውስጥ እየፈሰሰ ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ራስ ምታቱ ከበረታበት፣ ካስመለሰው፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ያለ ወትሮው እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው "ድካም ነው፣ ይረፍ" ብለህ አታስተኛው፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ። ያልነቃ ሰው ራስ ላይ ያለን ሄልሜትም ጎትተህ አታውልቅ፤ አንገቱ ተጎድቶ ይሆናል። ትንፋሽ ካላጠረው ለባለሙያ ተውለት።

ስለዚህ ሁለት ሄልሜት ይኑርህ። ሁለተኛው መካከለኛ ልክ ይሁን፤ ለሴትም ለወንድም እንዲሆን ማሰሪያው የሚላላና የሚጠብቅ ይሁን። "የሰው ላብ አልነካም" የምትልህ ትኖራለች፤ እውነቷን ነው፤ ሻሿን አስራ ከላይ ታድርገው፤ አንተም ማታ ማታ ውስጡን ጥረገው። ሞቀኝ ካለች ቀስ ብለህ ንዳ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ጨርሶ አላደርግም ካለች ብሯን ተውላትና ሌላ ፈልጊ በላት፤ አንድ ሰው ቢቀርብህ ገበያህ አይዘጋም።

ገንዘቡ ካነሰህ ደግሞ መስተዋቱ ላይ የምታንጠለጥለውን ጌጥና ያን የሚጮህ ድምፅ ማጉያ አቆየው። ከዚያም በኋላ ካልሞላልህ፣ ለገና የምሸጠው ሙክት አለኝ፤ ግማሹን ዋጋ ከእኔ ትወስዳለህ፤ ደብረ ታቦር አብረን ወርደን፣ ማሰሪያውን እኔው ስቤ አይቼ እንገዛለን።