ኮሚሽኑ የሚከፈለው መቼ ነው?

ልጆቼ፣ ለኮርፖሬት ሽያጭ ሥራ ቃለ መጠይቅ ስትዘጋጁ አያችኋለሁ። ሱፉ ይተኮሳል፣ ሲቪው ይታተማል፣ «እስኪ ራስህን አስተዋውቅ» ለሚለው መልሱ በቃል ይጠናል። ለመጠየቅ ግን የሚዘጋጅ የለም። በጠረጴዛው በወዲህም በወዲያም ተቀምጬ አይቻለሁና ስሙኝ፤ መልስ ያጣ ልጅ ሌላ ቦታ ይቀጠራል፣ ሳይጠይቅ የፈረመ ግን ዓመቱን ሙሉ ይከፍላል።

«ይህን እስክሪቢቶ ሽጥልኝ» የሚሏችሁ አይጠፉም። ያረጀ ጥያቄ ነው፤ ጠያቂው ሳይዘጋጅ ሲመጣ የሚያወጣው ይመስለኛል። እስክሪቢቶውን ከማወደሳችሁ በፊት ሰውዬው አሁን በምን እንደሚጽፍና ምን እንዳስቸገረው ጠይቁት፣ ይበቃል።

ደህና ጠያቂ ግን «ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ለመሸጥ ከየት ትጀምራለህ?» ይላል። አብዛኛው ልጅ «ደንበኛውን በማሳመን» ብሎ ይመልሳል። መሥሪያ ቤት እንደ ሰው አይገዛም። የሚፈልገው ክፍል ይጠይቃል፣ ግዥ ክፍል ፕሮፎርማ ይሰበስባል ወይም ጨረታ ያወጣል፣ ፋይናንስ ይከፍላል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሁሉም ይጣደፋል። አንዲት ልጅ ይህንኑ ብንጠይቃት «ዕቃው የሚያስፈልገው ማን ነው፣ የሚፈርመው ማን ነው፣ በጀት ተይዟል ወይ ብዬ እጀምራለሁ» አለችን። የማርኬቲንግ ዲግሪ አልነበራትም፤ መርካቶ አባቷ ሱቅ ውስጥ ፕሮፎርማ ስትሞላ ያደገች ናት። ከእሷ በኋላ የገቡትን የሰማናቸው ለወጉ ያህል ነው።

«ማንን ታውቃለህ?» ሲሏችሁ ተጠንቀቁ። የምታውቁትን ዘርፍ ንገሯቸው፦ ሆስፒታሎች፣ የአበባ እርሻዎች፣ ሆቴሎች። የድሮ መሥሪያ ቤታችሁን የደንበኛ ዝርዝር ግን አትዘርግፉ። ነውር መሆኑ ሳያንስ፣ ብልህ ጠያቂ ነገ የእኛንም ለሌላ ይሰጣል ብሎ ይሰጋል።

በመጨረሻ «ጥያቄ አለህ?» ይባላል። እዚህ ላይ ነው ልጆቻችን አንገታቸውን ደፍተው «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» የሚሉት። ጨዋነት መስሏቸው ነው። የታርጌቱን መጠን ከሰማችሁ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት ከሻጮቹ ስንቶቹ እንደሞሉት ጠይቁ። ከእናንተ በፊት በቦታው የነበረው ሰው የት እንደሄደ ጠይቁ፤ እርስ በርስ ከተያዩ መልሱ ደርሷችኋል። ኮሚሽኑስ የሚከፈለው መቼ ነው? ደንበኛው ሲያዝ፣ ዕቃውን ሲረከብ ወይስ ገንዘቡ ሲሰበሰብ? በዱቤ የተሸጠ ዕቃ ሒሳቡ ወራት ሊቆይ ይችላል። እናንተ በመሃል ሥራ ብትለቁ ኮሚሽኑ የማን ይሆናል? ይህ በውሉ ላይ ካልሰፈረ፣ በኋላ የምትከራከሩበት ወረቀት የላችሁም።

«መነሻ ደመወዙ አነስ ይላል፣ በኮሚሽን ይካካሳል» ሲሏችሁም ረጋ ብላችሁ አስሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ኮሚሽን እንደ ደመወዝ አይቆጠርም። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው በደመወዝ ነው፤ ለጡረታ ከእናንተ የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶም እንዲሁ። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ፣ መነሻውን ከፍ የምታደርጉት ራሳችሁ ተደራድራችሁ ነው። በዋጋ የማይደራደር ሻጭ ማን ይቀጥራል?

የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። በዚያ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷችሁ ስለሚችሉ፣ ታርጌቱ ከመጀመሪያው ቀን ነው ወይስ ከሙከራው በኋላ የሚቆጠረው በሉ። ቃለ መጠይቅ ብለው ሆቴል አዳራሽ ሰብስበው «መመዝገቢያ ክፈሉ፣ ሁለት ሰው አምጡ» የሚሏችሁ ካሉ ግን ምንም ሳትጠይቁ ውጡ።

ዋስ የሚጠይቁም ብዙ ናቸው፣ በተለይ ገንዘብ የምትሰበስቡ ወይም ዕቃ የምትረከቡ ከሆነ። ዋስ መጥራቱ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የዋስትና ውል በጽሑፍ ካልሆነና የገንዘቡ ጣሪያ ካልተጠቀሰበት አይጸናም። አጎታችሁን ከሥራው አስፈቅዳችሁ ለፊርማ ከመውሰዳችሁ በፊት ቅጹን አስቀድማችሁ ተቀበሉና ቁጥሩ የቱ ጋ እንደተጻፈ አሳዩት።