ለገዳይ ሐውልት ይቆማልን?

ከተማን ሊያቃጥል መጥቶ የሞተን ባዕድ ወታደር በክብር መቅበር፣ አልፎም መታሰቢያ ማቆም ደግነት ነው ወይስ በወገን ደም መቀለድ?

እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 1945 ሌሊት ከመቶ በላይ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የጃፓኗን ሺዙኦካ ከተማ በእሳት አጋዩዋት። ወደ 2,000 የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ። በዚያው ሌሊት ሁለት ቢ-29 አውሮፕላኖች አየር ላይ ተጋጭተው ወደቁ፤ አብራሪዎቹን ጨምሮ 23 አሜሪካውያን ሞቱ። ፉኩማትሱ ኢቶ የተባለ የአካባቢው ሰው አስከሬናቸውን አንስቶ ቀበረ፤ በዚህም ከጎረቤቶቹ ወቀሳ ደረሰበት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሺዙሃታ በተባለው ኮረብታ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመላቸው። የከተማው ሟቾች መታሰቢያም እዚያው አጠገቡ ነው። የሁለቱ አገር ሰዎች ለዓመታት በአንድነት ሲያስቧቸው ኖረዋል። ከስብርባሪው በተገኘ፣ እሳት ባጠቆረው ኮዳ በድንጋዩ ላይ መጠጥ ያፈሳሉ። መጠጥ ማፍሰሱ የእኛ ወግ አይደለም፤ ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው።

መቼም የወቃሾቹን ቃል በቀላሉ መጣል አይቻልም። ልጇ የተቃጠለባት እናት «የእኔን ልጅ ማን አሰበው?» ብትል ምን መልስ ይሰጣታል? «ታዞ ነው የመጣው» ቢሏት ልጇን አይመልስላትም።

ሆኖም ግን መቅበር ሌላ፣ ከጥፋት ነጻ ማውጣት ሌላ ነው። ኢቶ «አልበደሉም» ብሎ አልፈረደም፤ የሰው ገላ ሜዳ ላይ አይጣልም አለ እንጂ። ሕያው ጠላት ይመከታል፣ ይከሰሳል፤ የሞተው ግን ሒሳቡ ከፈጣሪው ጋር ነው። አስከሬን ላይ የሚወጣ ቂም የሚጎዳው ሟቹን ሳይሆን ቂመኛውን ነው።

ደግሞስ የራሱን ሟች ብቻ የሚቆጥር ሕዝብ የራሱን እጅ ይረሳል። የጃፓን አውሮፕላኖችም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የቻይናዋን ቾንግቺንግ ደብድበዋል፤ እዚያም እናቶች አልቅሰዋል።

እንግዲህ ፍርዱ ያለው በሁለቱ ድንጋዮች ጎን ለጎን መቆም ላይ ይመስለኛል። የአብራሪዎቹ ብቻ ቢቆም ኖሮ ለእናቲቱ ስድብ በሆነ ነበር። የከተማው ብቻ ቢቆም ደግሞ ሐዘኑ ቂም ሆኖ ለልጅ ልጅ በተረፈ ነበር። ሁለቱ አብረው ሲቆሙ ግን በደሉም አልተካደም፣ ሰውነቱም አልተካደም። አንባቢ ሆይ፣ ለወገን ማልቀስ ማንም የሚችለው ነው፤ የሰው ልክ የሚታወቀው ለጠላቱ አፈር ሲያለብስ ነው።