የቤት ወጪ የሚመጣጠነው በማን ትከሻ ነው?

ሠርቶ መብላት የሰው ልጅ ክብር ነው፤ ልጅ ወልዶ ማሳደግም እንዲሁ። ሁለቱም ከፈጣሪ የተሰጡ አደራዎች እንደ መሆናቸው መጠን አንዱ ሌላውን ሊያጠፋ ባልተገባው ነበር። በከተማ ኑሯችን ግን ሁለቱ አደራዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሻሙ እናያለን። ባል በጧት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ሚስትም እንዲሁ። የሁለቱ ደመወዝ ተደምሮ የቤት ኪራዩን፣ ጤፉን፣ ዘይቱንና የትምህርት ቤቱን ክፍያ እንደ ምንም ይሸፍናል። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም ልጁን ቀን ቀን ማን ይይዘዋል የሚለው ነው።

አበው «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላሉ። አባባሉ ለጨነቀው ወላጅ ማጽናኛ ነው፤ በእግዚአብሔር መግቦት መታመንንም ያስተምራል። ነገር ግን ጠጋ ብለን ብንመረምረው በዕድሉ ብቻ ያደገ ልጅ የለም። ያደገ ሁሉ ያሳደገው ሰው አለው፤ ያጠበው፣ ያጎረሰው፣ ሲያተኩሰው አብሮት ያደረ። ስለዚህ ልንጠይቀው የሚገባን ልጅ በማን ድካም እንደሚያድግ፣ የዚያንም ድካም ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ነው።

በቅድሚያ ሕጉ የሚሰጠውን ጊዜ እንመልከት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ ለአባት ደግሞ 3 ቀን። ቀደም ሲል ይሠራበት የነበረው የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ብቻ ስለ ነበር ጭማሪው በምስጋና የሚታይ ነው። ሆኖም የዓለም የጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል፤ 90 ቀን ደግሞ በምንም አኳኋን ቢቆጠር 6 ወር አይሞላም። የጎደሉትን ሳምንታት እናቲቱ ከየትም ብላ እንድታሟላ ተትቷል። የአባትየው 3 ቀንማ የገንፎው እንግዳ ሳይሸኝ ያልቃል።

የደመወዝም ነገር ከዚህ አይለይም። ያው አዋጅ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ደነገገ እንጂ መጠኑን ራሱ አልወሰነም። ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች ከጻፉት መልእክት ጀምሮ፣ አሠሪና ሠራተኛ የተስማሙበት ደመወዝ ሁሉ በመስማማታቸው ብቻ ፍትሐዊ እንደማይሆን ስታስተምር ኖራለች። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ልጅ ሥራ በጻፉት መልእክት፣ ትክክለኛ ደመወዝ ቤተ ሰብን የሚያኖር መሆን እንዳለበት፣ ሥራም እናት ቤተ ሰቧን ሳትተው ልትሠራው በምትችልበት መንገድ መደራጀት እንደሚገባው አስረድተዋል። ትምህርቱ ከተጻፈ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ቤቶቻችን ግን ገና በጎደለው ይተዳደራሉ። እንግዲህ የጎደለው የሚሞላው ከየት ነው?

ለምሳሌ ያህል አንድ ቤት እናስብ። ቁጥሮቹ ነገሩን ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ስለ ሆኑ አንባቢ በራሱ ቤት ቁጥር ይተካቸው። ግብሩም ጡረታውም ተቀንሶ የአባት ደመወዝ 9,000 ብር፣ የእናት 6,000 ብር ይሁን። ልጅ የምትይዝና ቤት የምትሠራ ልጅ 2,500 ብር ይከፈላታል፤ ለምግቧና ለሳሙናዋ 1,500 ብር ይወጣል፤ እናቲቱ ለታክሲና ለምሳ 1,000 ብር ታወጣለች። ድምሩ 5,000 ብር ነው። ይህም በተለመደው አቈጣጠር ከእናቲቱ ደመወዝ ላይ ስለሚቀነስ በእጇ የሚቀረው 1,000 ብር ብቻ ይመስላል። ያን ጊዜ ዘመድም ጎረቤትም «ለ1,000 ብር ብለሽ ነው ልጅሽን ለሰው እጅ የምትሰጪው?» ይላታል።

ይህ አቈጣጠር በሁለት ነገር ይሳሳታል። አንደኛ፣ ልጁ የሁለቱ ሆኖ ሳለ ወጪውን ለእናት ብቻ ያስከፍላል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ባልን ብቻውን የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ ያደርግ የነበረውን የቀድሞ ሕግ ሽሮ አስተዳደሩን ለሁለቱም በእኩልነት ሰጥቷል። አስተዳደሩ የጋራ ከሆነ የልጅ ጥበቃው ወጪም ሰዓቱም የጋራ ነው። በተጨማሪም እናቲቱ ሥራዋን ብትተው የምታጣው 1,000 ብር ብቻ አይደለም፤ ለጡረታ የሚቆጠርላት የአገልግሎት ዘመን ይቋረጣል፤ ባል ቢታመም ወይም ድርጅቱ ቢዘጋ ቤቱን የሚይዝ ሁለተኛ ምሰሶ አይኖርም። ይህን ስንል ልጅዋን ልታሳድግ ቤት የዋለችውን እናት ዝቅ ማድረጋችን አይደለም፤ የእርስዋ ውሎ ደመወዝ የማይቈረጥለት ሥራ ነው እንጂ ሥራ መሆኑ አልቀረም። የምንለው ውሳኔው የሁለቱ ይሁን፣ ሸክሙም የሁለቱ ይሁን ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይበልጥ ከባድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አናየውም። በዚያ ስሌት ውስጥ 2,500 ብር ተብላ የተጻፈችው ማን ናት? ብዙ ጊዜ በዘመድ ወይም በደላላ አማካይነት ከገጠር የመጣች፣ ዕድሜዋን ስትጠየቅ «አሥራ ስምንት» ብትልም ፊቷ አሥራ አራት የሚል ልጅ ናት። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥታ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ብትቆም ውሎዋ 16 ሰዓት ነው። ስድስት ቀን ብቻ ብንቆጥርላት 96 ሰዓት ይሆናል፤ አዋጁ ለፋብሪካና ለቢሮ ሠራተኛ በሳምንት ከፈቀደው 48 ሰዓት ልክ እጥፍ ማለት ነው። ሠራተኛ የመቅጠር አቅም የሌለው ቤት ደግሞ ታላቂቱን ልጅ ከትምህርት ያስቀራል፤ ወይም ጉልበቷ የደከመ አያት ከሀገር ቤት ትጠራለች። የጎደለው ደመወዝና የጎደለው ጊዜ የሚሞላው እንግዲህ በእነዚህ ነው። አሠሪው ያላሟላውን እናት ታሟላለች፤ እናት ያልቻለችውን ከእርስዋ የምታንሰው ትሸከማለች፤ ከዚያ በታች ሸክሙን የምታስተላልፍበት ሰው የላትም።

ስለዚህ አንድን ልጅ ለማሳደግ የሌላ ልጅ ልጅነት የሚከፈል ከሆነ ቤቱ ገንዘቡን አመጣጠነ እንጂ ፍትሕን አላመጣጠነም።

«እኛም ድሆች ነን፤ ድሃ ለድሃ ምን ዕዳ አለበት?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። አነስተኛ ደመወዝ የሚከፈላት እናት ራሷ ተበዳይ ናት፤ የበደሉ ምንጭም እርስዋ አይደለችም። ነገር ግን የተበደለ ሁሉ በደሉን ወደ ታች ቢያወርድ የመጨረሻው ተቀባይ ምንጊዜም ሕፃን ነው። ሌላው ደግሞ «እኛ ዘንድ ባትሆን ጎዳና ላይ ትወድቅ ነበር» ይላል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ በድንገት ማሰናበትም ችግሯን ያብሰዋል እንጂ አያቃልላትም። ሆኖም ከከፋው መሻላችን ከሚገባው ጋር መተካከላችን አይደለም። ቅዱስ መጽሐፍ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ሲያዝ፣ የተከለከለ ደመወዝም ወደ ሰማይ እንደሚጮኽ ሲናገር፣ አሠሪው ባለጸጋ ከሆነ ብቻ ብሎ አልለየም።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ከየሰበካችን እኅቶቻችንና ልጆቻችን ወደ ዐረብ ሀገሮች ሄደው በሰው ቤት ይሠራሉ። ፓስፖርታቸው ሲያዝ፣ ደመወዛቸው ሲቀር፣ ዕረፍት ሲነፈጋቸው እንቆጣለን፤ ቁጣችንም ትክክል ነው። ነገር ግን ለእነርሱ የምንጠይቀውን መብት በገዛ ማድ ቤታችን ላለችው ልጅ ካልሰጠን የተቆጣነው ስለ ፍትሕ ሳይሆን ስለ ዘመዳችን ብቻ ነው ማለት ይሆናል።

ሕጉ ስለ እርስዋ ጨርሶ ዝም አላለም። አዋጅ ቁጥር 1156 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ከልክሏል፤ የቤት ውስጥ ሠራተኞችን ግን ከራሱ ውጭ አድርጎ ጉዳያቸውን ወደፊት ለሚወጣ ደንብ ትቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቤቱ የምታድር ሠራተኛ ያለችው አሠሪ በመኖሪያዋ፣ በምግቧ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቷ ጤንነቷንና ሥነ ምግባሯን የሚጠብቅ እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ሕፃን ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን በሚጎዳ ሥራ እንዳይሰማራ ይደነግጋል። ተቆጣጣሪ በማይገባበት ቤት ውስጥ ግን ሕጉን የሚያስፈጽመው የባለቤቶቹ ኅሊና ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ እያንዳንዱ ቤት ወጪውን ሲጽፍ ከብሩ ጎን የሰዓት ዓምድ ይጨምር። ማን በስንት ሰዓት ይነሣል? ማን በስንት ሰዓት ይተኛል? ይህ ሲጻፍ ብዙ ነገር ይገለጣል። አባት ከሥራ መልስ ሁለት ሰዓት ልጁን ቢይዝ፣ ቢያጥብና ቢያስተኛ፣ እናትም እራቱን ብትረከብ፣ ያቺ ልጅ በ11 ሰዓት ከሥራ ነጻ ሆና የማታ ትምህርቷን ልትከታተል ትችላለች። ወንድ ልጅን ማጠብ የወንድነት ጉድለት የሚመስለው ካለ ዮሴፍን ያስብ፤ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብጽ የተሰደደው ጠራቢ የልጅ ጥበቃን ለማርያም ብቻ አልተወም።

ሁለተኛ፣ ውሉ ይታወቅ። ደመወዟ በየወሩ በእጇ ወይም በስሟ በተከፈተ የቁጠባ ደብተር ይግባ፤ በሳምንት አንድ ቀን ትረፍ፤ የምትተኛበት ቦታ የሰው መኝታ ይሁን። ሦስተኛ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይረዳዳ። ብር የምንሰበስብበት ዕቁብ እንዳለን ሁሉ ሰዓት የምንሰበስብበት ዕቁብ ቢኖረንስ? አምስት እናቶችና አባቶች በየተራ አንዳንድ ቀን ቢጠብቁ፣ የቁምስናው አዳራሽም ከእሑድ እስከ እሑድ ተቆልፎ ከሚውል ለሕፃናት ማቆያ ቢከፈት፣ ወጪው ትንሽ፣ ዕረፍቱ ብዙ ይሆናል።

አራተኛው እኛን ይመለከታል። ሀገረ ስብከትም አሠሪ ነው። በትምህርት ቤቶቻችንና በክሊኒኮቻችን የሚያገለግሉ እናቶች የሚያጠቡበት ጊዜና ቦታ አላቸውን? የምንከፍለው ደመወዝ ልጅ ያሳድጋልን? ይህን ሳንመልስ ለሌላው አሠሪ ብንሰብክ የሚሰማን የለም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ለጋብቻ የሚዘጋጁ ጥንዶችን ስታስተምሩ ስለ ቀለበቱና ስለ ሠርጉ ወጪ ብቻ አትጠይቋቸው፤ «ሁለታችሁም ሥራ ስትውሉ ልጃችሁን ማን ይይዛል? ያ ሰው መቼ ያርፋል?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልሱንም ሁለቱም በጽሑፍ ያምጡ። በየቤቱ ስትዞሩም ሰላምታችሁ ሳሎን ላይ ብቻ አይቅር፤ ማድ ቤት ያለችውንም በስሟ ጠርታችሁ ትምህርቷ እንዴት እንደ ሆነ ጠይቁ።